ጋሽ ሙላትና የሚተነፍሰው ፉርጎ

አይደለም! ንፋስ አይደለም የገደላቸው! ይሄን ነገር እስኪ አንድ ጊዜ አርፌ ተቀምጬ ልናገረው፤ ከቀብራቸው ጀምሮ የምሰማው ወሬ አንጀቴን አሳርሮታል። ልጃቸው ሰብለ ከሬድመንድ ጠዋት ኮል አድርጋ "ጽጌ፣ አባዬ አረፈ" አለችኝ። እያለቀስኩ ለቅሶ ቤት ስደርስ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አንዲት ሴትዮ ጆሮዬ ስር መጥታ "ያኔ ባቡሩ ላይ የመታቸው ንፋስ ነው አይደል?" አትለኝም? ታኅሣሥ ላይ የነፈሰ ንፋስ ሰኔ ላይ ገደላቸው! እስከዚያ የት ተደብቆ ቆየ? ልባቸው ነው የደከመው፤ በዕድሜ የደከመ ልብ። ሐኪሙም ተናግሯል፣ ልጃቸውም ተናግራለች። የኛ ሰው ግን ሐኪም ከሚለው ይልቅ ንፋስ ሲባል ቶሎ ያምናል።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ሲያትል ሬኒየር ቢች፣ ጋሽ ሙላት በነበሩበት አፓርትመንት ከሳቸው ቤት ሥር ነው የምኖረው። ስለ እኔ ይሄ ይበቃል።

ሰውየውን ላላወቀ ላሳውቅ። አጠር፣ ደረቅ ያሉ፣ ጢማቸውን በሥርዓት የሚከረክሙ፣ ከቤተ ክርስቲያን በስተቀር የትም ቆባቸውን የማያወልቁ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሲሄድ መሬት ያያል፣ እሳቸው የሚያዩት ጣሪያ ነው። ሱቅ ይግቡ፣ ክሊኒክ ይግቡ፣ ሰርግ ቤት ይግቡ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ዓይናቸው አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። ከዚያ ከኮት ኪሳቸው አንዲት ሶፍት መዘዝ ያደርጉና በሁለት ጣት ይዘው ወደ ቀዳዳው ያስጠጓታል። ሶፍቷ ከተወዛወዘች ፊታቸው ይበራል። ዝም ካለች ግን ጉድ ፈላ!

አፓርትመንቱ የገባሁ ዕለት ካርቶኖቼን ሳልፈታ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እሳቸው ናቸው።

"እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ሻወር ቤትሽን አሳዪኝ።"

ክው አልኩ! የማላውቃቸው ሽማግሌ፣ በመጀመሪያ ቀን፣ ሻወር ቤትሽን አሳዪኝ! እኔ አፌን ከፍቼ ስቆም እሳቸው አልፈውኝ ገቡ። ጣሪያው ላይ ያለውን አየር ማውጫ ፋን አበሩና ሶፍቷን ከሥሩ ያዙ። ሶፍቷ ፍንክች አላለችም። ዞር ብለው በሐዘን አዩኝ።

"ሞቷል" አሉ።

"ማን?"

"አየርሽ ነዋ! እዚህ ቤት ይገባል እንጂ አይወጣም። ግድ የለም፣ እኔ አለሁ።"

ማናጀሩን ጠዋት ማታ ኮል እያደረጉ መግቢያ መውጫ አሳጡትና ፋኑ ተቀየረልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው። እኔ እናት አባቴ የሞቱብኝ ሰው ነኝ፤ ለሻወር ቤቴ አየር እንኳ የሚጨነቅልኝ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር መስሏችኋል?

ሁሉም እንደኔ አልወደዳቸውም ታዲያ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ክርስትና ይሁን፣ የእድር ስብሰባ ይሁን፣ ጋሽ ሙላት ገብተው መጀመሪያ የሚያደርጉት መስኮት መክፈት ነው። ወዲያው ከአራቱም ማዕዘን "ኧረ ንፋስ!" ይባላል። ሕፃን የታቀፈች ትሸሻለች። ጋቢ ያለው ይከናነባል። እትዬ ብርቄ ደግሞ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ ተነሥታ ትዘጋዋለች። እትዬ ብርቄ እንደ አክስቴ ስለሆነች አንቺ ነው የምላት፤ ትልቅ ልብና ትልቅ ድምፅ ያላት ሴት ናት። ጋሽ ሙላት ይከፍታሉ፣ እሷ ትዘጋለች፣ እሳቸው ይከፍታሉ፣ እሷ ትዘጋለች። ሁለቱም አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። ስብሰባው በዚህ መሀል ይካሄዳል። ልጆቹ ከኋላ "ሚስተር ዊንዶው" ይሏቸዋል፣ ትልልቆቹ ደግሞ "ጋሽ ንፋስ" የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። እሳቸው ሰምተው ይስቁ ነበር።

ይሄ የአየር ፍቅር ከየት መጣባቸው ብትሉ፣ ከድሬዳዋ ነው። ወጣት ሳሉ ምድር ባቡር ተቀጥረው ነበር፤ የእንፋሎት ባቡሮቹ ለናፍጣ ቦታ ሊለቁ ሲሉ ደረስኩባቸው ይሉ ነበር። ሥራቸው የተሳፋሪ ፉርጎዎችን መስኮትና የጣሪያ መተንፈሻ ማደስ ነበር። ይሄን ሲያወሩ ቁጭ ብለው አይችሉም፣ ይነሣሉ።

"ያን በረሃ ታውቂዋለሽ? አሸዋው ላይ እንቁላል ይበስላል! ፉርጎው ውስጥ ሰው እንደ ዳቦ ይጋገራል! እኔ ተሳፋሪው እንዳይታፈን ብዬ አንዷን መስኮት ከፈት ሳደርግ ምን ይሉኛል መሰለሽ?"

"ንፋስ ገባ፣ ዝጋው!" እላለሁ።

"ንፋስ ገባ! በበረሃ! በዚያ ሙቀት! ንፋስ ገባ!" ጠረጴዛዬን በመዳፋቸው ይደበድቡታል።

ሲያትል መጥተው ደግሞ ሶዶ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የአንድ ትልቅ ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ቦይለር፣ የእንፋሎት ማፍያው ማለት ነው፣ ጠባቂ ሆኑ፤ ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ነበሩ። እንግዲህ አየርን ድሬዳዋ፣ እንፋሎትን ሶዶ ተማሩ ማለት ነው። ሁለቱ ትምህርቶች የተገናኙት ግን እዚህ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ትልቅ ተራራ ሥር፣ የድሮ ባቡር ወዳጆች ባሉበት ቦታ ነው። ፈቃደኞች ናቸው፣ ደሞዝ የላቸውም፤ ዝገት እየፈገፈጉ፣ እንጨት እየቀየሩ፣ እውነተኛ የእንፋሎት ባቡር በቅዳሜና እሑድ ያስኬዳሉ። ሰብለ አባቷን አንድ ጊዜ ለሽርሽር ብላ ይዛቸው ሄደች፤ አልመለስም አሉ። "አባዬን ለአንድ ሰዓት ብዬ ወስጄ ቅዳሜዎቼን ሁሉ ተቀማሁ" ትል ነበር። በኋላ ሥራ ሲበዛባት ተራው የኔ ሆነ። "ሹፌር አይደለሽ? ምን ትሆኛለሽ!" አሉኝና በዚያው ቀረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከባቡሩ ይልቅ መንገዱን ነበር የምወደው። ፍሪዌይ ላይ እንደገባን ይጀምራሉ።

"ድሮ ድሮ በየፉርጎው ጥግ የከሰል ምድጃ ነበር። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ይጠበሳል፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠ በብርድ ይደርቃል። ባቡሩ የተጋጨ እንደሆነማ አትጠይቂኝ! ምድጃው ይገለበጥና እንጨቱ ፉርጎ ይያያዛል። ከግጭቱ የተረፈውን እሳቱ ይጨርሰዋል!"

"በስመአብ!"

"ሌላ አገር ደግሞ በቆርቆሮ የፈላ ውሃ ሞልተው ለተሳፋሪው እግር ሥር ይሰጡ ነበር። ትንሽ እንደሄድሽ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ታቅፈሽ ወደፊት!"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጨዋታው መጣ!" እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ የመኪናውን ቀበቶ ይፈታሉ። "የሚጎትተው ባቡር ራሱ ቦይለር አለው አይደል? ውሃ እያፈላ ነው አይደል? ታዲያ ከዚያው እንፋሎት ቀንሶ በቧንቧ ወደ ኋላ መላክ! ከፉርጎ ፉርጎ በጎማ ቱቦ እያያያዙ! ባቡሩ ይጎትትሻል፣ ባቡሩ ያሞቅሻል! እንዴት ያለ ሐሳብ ነው በይ!"

"ጋሽ ሙላት፣ ቀበቶዎን!"

"ቆይ እስኪ፣ ገና ግማሹ ነው። ቧንቧው ከወንበሩ ሥር፣ በግድግዳው ግራና ቀኝ ይሄዳል። አየሩ እሱን ነክቶ ይሞቅና ይነሣል። የተነፈስሽበት አየር ደግሞ በአንዱ የጣሪያ ቀዳዳ ይወጣል፣ ንጹሑ በሌላው ይገባል፤ ባቡሩ በሮጠ ቁጥር ይስበዋል። ላይኛው ካልወጣ ታችኛው አይንቀሳቀስም። ጣሪያውን ከዘጋሽ ምን ትሆኛለሽ? አናትሽ ጋለ፣ እግርሽ ቀዘቀዘ፣ መስኮትሽ አለቀሰ!"

እኔ ይሄን ንግግር በቃሌ አውቀዋለሁ። ሁልጊዜም እንደ አዲስ ነበር የምሰማው፤ እሳቸውም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነበር የሚነግሩኝ።

እዚያ አንድ አረንጓዴ ፉርጎ ነበረች፤ የጋሽ ሙላት ልጅ በሏት። ስትመጣ ጣሪያዋ ያፈስ ነበር፣ ቧንቧዋ ዝጎ ነበር፣ የጣሪያ መተንፈሻዎቿ በቀለም ተደፍነው ነበር። እሳቸውና ዴቭ የሚባል የፈቃደኞቹ አስተባባሪ፣ ረጅም፣ ታጋሽ ፈረንጅ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ አብረው ሠሯት። ዴቭ "ሞላ" ነው የሚላቸው። እንግሊዝኛቸው ሲያልቅ በእጃቸው፣ እጃቸው ሲያልቅ በሶፍት ያስረዱታል። ይግባባሉ! አንዳንዴ ቧንቧ ሥር ጎን ለጎን ተጋድመው ሲስቁ እሰማቸው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን መኪና ፓርክ አድርጌ ስመጣ ጋሽ ሙላት ፉርጎዋ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ቆባቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ቆባቸው ጉልበታቸው ላይ! ደነገጥኩ። "ሰው ሞተ?" አልኩ።

"ቧንቧዎቼን ሊቆርጧቸው ነው።"

የፈቃደኞቹ ቦርድ ተሰብስቦ ፉርጎዋ በብርዱ ወራት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ትሂድ ብሏል። ማሞቂያው የሚገባው ቧንቧው ባለበት ቦታ ስለሆነ ቧንቧው ይነቀላል። አንዴ ከተነቀለ ማን ይመልሰዋል? ማንም። ዴቭ ግን ወዳጅ ነው፣ ተሟግቶ አንዲት ዕድል አምጥቶላቸዋል። ለአንድ ብርዳማ ቅዳሜ ፉርጎዋ ሰው ሞልታ ተራራው ድረስ ትሄዳለች። ሰው ተመችቶት ከሄደ ቧንቧው ይቆያል። ካልተመቸው በቃ።

"ፉርጎ ሙሉ ሰው ያስፈልጋል" አለ ዴቭ ከኋላዬ መጥቶ። "ባዶ ፉርጎማ ማንም ያሞቃል። በዚህ ብርድ ግን ከየት እናመጣለን?"

ጋሽ ሙላት ብድግ አሉ። ቆባቸውን አደረጉ። ደረታቸውን መቱ። "ሰው እኔ አመጣለሁ!"

ስንመለስ መኪና ውስጥ "ማንን ነው የሚያመጡት?" አልኳቸው።

"እድሩን ነዋ! ሽማግሌው፣ አሮጊቱ፣ ልጁ፣ ሁሉም! ጢም አድርጌ ነው የምሞላት!"

ፍሬን ልይዝ ምንም አልቀረኝም። "ጋሽ ሙላት! ለአየር ፍተሻ ሐበሻ ያመጣል ሰው?"

ሶፍቷን ከኪሳቸው አውጥተው ማጣጠፍ ጀመሩ። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ከማን ጋር ሲጣሉ እንደኖሩ ድንገት ትዝ ያላቸው መሰለኝ። ግን ቃል ከአፍ ወጥቷል፣ እትዬ ብርቄንም ገና እኔ መኪናውን ላመጣ ስሄድ ኮል አድርገው ጋብዘዋታል።

"ግድ የለም" አሉ በመጨረሻ። "የመተንፈሻዎቹን መዝጊያ እጀታ እፈታቸዋለሁ። እጀታ ከሌለ በምን ይዘጉታል?"

ቅዳሜው ደረሰ። ብርዱስ! ጫካው ላይ በረዶ ተጋግሯል፣ ሰማዩ ዝቅ ብሏል። እድሩ ግን አንድም ሳይቀር መጣ፤ ጋቢ የለበሰ፣ ነጠላ የደረበ፣ ልጆቹ ሹራብ በሹራብ። የሚጎትተን ሎኮሞቲቭ ጥቁር፣ ግዙፍ፣ ከሥር ከላይ እየተነፈሰ ሲቆም ልጆቹ "ኦ ማይ ጋድ!" እያሉ ጮኹ፣ እናቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ሙላት በተተኮሰ ኮት፣ ኪሳቸው በተፈቱ እጀታዎች እየተንሿሿ፣ ሰውን አንድ በአንድ እየደገፉ አሳፈሩ። ሙሽራ አይመስሉም እንጂ ሚዜ ይመስሉ ነበር።

ፊሽካው ጮኸ። ተንቀሳቀስን። ከወንበሩ ሥር ቧንቧው ቋ! ቋ! አለ። እትዬ ብርቄ ዘላ እግሯን ሰበሰበች። "እንፋሎቱ ነው፣ እየመጣ ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ እኔም ለካ ሳላውቀው ተማሪያቸው ሆኛለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሙቀቱ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ቀስ እያለ ወጣ። ደረቅ ያልሆነ፣ የማያቃጥል፣ የሚያቅፍ ሙቀት። ሰው ጓንቱን አወለቀ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ይሄማ ከቤቴ ይሻላል!" አለ አንዱ። ጋሽ ሙላት ጣሪያውን፣ ሰዉን፣ እኔን አዩና "እኔ እፊተኛው በር፣ ቫልቩ ጋ ነኝ፤ አደራ" ብለውኝ ወጡ። እንፋሎቱን የሚቆጣጠሩት እዚያ ቆመው፣ በእኛና ከፊታችን ባለው ፉርጎ መሀል ነው። ሌላ ሰው እንዲነካባቸው አይፈልጉም ነበር።

ብዙም አልቆየ።

"ይሄ ነገር ምንድን ነው?" አለች እትዬ ብርቄ፣ አናቷን በእጇ ሸፍና። "ከላይ የሆነ ነገር ይመታኛል።"

"እኔንም!" አለች ከኋላዋ ያለችው።

"ኧረ ንፋስ ነው! ጣሪያው ክፍት ነው! ልጆቹን!"

አለቀልን! ፉርጎዋ በአንድ አፍ ተነሣች። ጎረምሶቹ ወንበር ላይ ወጡ። "እጀታው የለም!" "እንዴት አይኖርም?" "ተሰርቋል!" "ታዲያ ነጠላ አምጡ!" እኔ መሀል ገብቼ "ኧረ ተዉ፣ እባካችሁ፣ ጋሽ ሙላት እኮ…" ስል እትዬ ብርቄ "አንቺ እሳቸው የሚሉሽን ነው የምትደግሚው፣ ቁጭ በይ!" አለችኝ። የራሷን ነጠላ ጠቅልላ የመጀመሪያው ቀዳዳ ውስጥ ጠቀጠቀች። ከዚያማ ተከታተሉ። ጋቢ ገባ፣ ሻርፕ ገባ፣ የልጆች ሹራብ ገባ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ተደፈነ፤ እሱም ኋላ ጥግ ከመብራቱ ጋር ተጠጋግቶ ስለተሠራ እጅ አላስገባ ብሎ ነው። ከሥሩ የነበሩት ሰዎች ቦታውን ለቀው ሸሹ።

መጀመሪያ ሁሉም ደስ አላቸው። ከዚያ መስኮቱ ጭጋግ ያዘ። ከዚያ ጭጋጉ ውሃ ሆኖ መውረድ ጀመረ። "እግሬን በረደኝ" አለ አንዱ፣ ግንባሩን ላብ እያጠመቀው። አንድ ሕፃን አስመለሰ። አንድ ሽማግሌ "ትንፋሽ አጠረኝ" ብለው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ። ዴቭ ቴርሞሜትሩን ይዞ ወለሉን ለካ፣ ጣሪያውን ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀና ሲል ከየቀዳዳው የተንጠለጠለውን ነጠላና ጋቢ አየ።

"ያምራል" አለኝ ቀስ ብሎ። "የበዓል ጌጥ ነው?"

ምን ልበለው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። "ንፋስ ፈርተው ነው የደፈኑት" አልኩት። ዴቭ አዘነ፣ እውነቱን ነው። "ይገባኛል" አለ፣ "ግን ለቦርዱ ምን እላለሁ? ሰው አልተመቸውም። ሰው ካልተመቸው ቧንቧው ይነቀላል።"

በዚያ ቅጽበት በሩ ተከፈተና ጋሽ ሙላት ገቡ። ከትኩስ ቱቦ ጋር ሲታገሉ ቆይተው ፊታቸው ላብ በላብ ነው። ፈገግ ብለው ነበር የገቡት። መስኮቶቹን አዩ። ጣሪያውን አዩ። ሶፍቷን አውጥተው ከፍ አደረጓት፤ ሶፍቷ ቀጥ ብላ ተንጠለጠለች።

"ማነው?" አሉ። "ማነው የደፈነው?"

"እኔ ነኝ!" አለች እትዬ ብርቄ፣ ተነሥታ። "ልጆች ይዘን መጥተን ንፋስ ሲመታብን ዝም እንበል?"

"ብርቄ! የምትተነፍሺውን አየር ነው የዘጋሽው! ለሰባት ዓመት… ቧንቧውን እኮ ሊነቅሉብኝ ነው! ዛሬ! በዚች ጉዞ!"

"ቧንቧ ከሰው ይበልጣል?"

ለማስረዳት ሞከሩ። ታችኛው፣ ላይኛው፣ የሚስበው፣ የሚወጣው። ግን ይሄን ንግግር እድሩ በክርስትናም በስብሰባም ሰምቶታል፤ ጆሮ የሰጣቸው የለም። አንዱ "ኧረ ጋሽ ንፋስ ዛሬስ ይተዉን" አለ። ሳቅ ተሰማ። ያ ሳቅ ልቤን ወጋው። ዴቭም ዞር ብሎ በጭጋጉ ውስጥ የማይታየውን ጫካ ማየት ጀመረ።

ጋሽ ሙላት ሶፍቷን ወደ ኪሳቸው መለሱ። እንደተሸነፈ ሰው ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ሄዱና ከዚያች ካልተደፈነችው ቀዳዳ ሥር፣ ሰው በሸሸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቆባቸውን አወለቁ። መላጣቸው በላብ ያብረቀርቃል፣ ከላይ የተራራው ንፋስ ቀጥታ ይወርድበታል። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሳቁ ቆመ። ንግግሩ ቆመ።

"እግዚኦ!" አለች አንዲት ሴት።

"ላባቸው ሳይደርቅ!"

"በመላጣቸው!"

እመኑኝ፣ መርዝ ሲጠጡ ቢያዩአቸው እንዲያ አይደነግጡም ነበር። እትዬ ብርቄ ወገቧን ይዛ አጠገባቸው ሄደች። "ጋሽ ሙላት፣ ይነሡ ከዚህ።"

"ተዪኝ ብርቄ።"

"ሳንባዎን ሊጨርሰው ነው እኮ! ለሰብለ ምን ልላት ነው?"

"ተዪኝ አልኩ።"

ድምፃቸው ተሰባብሯል። እትዬ ብርቄ ዙሪያዋን አየች፤ የምታለብሳቸው ነገር ፈለገች። ምንም የለም፣ ሁሉም ጣሪያ ላይ ነው! ተንደርድራ ወደፊት ሄደች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ የራሷን ነጠላ ከቀዳዳው መዘዘችው፣ ተመለሰች፣ አናታቸውን እስከ ጆሮአቸው ጠመጠመችላቸው። "እንዲህ ነው! ምን ዓይነት ግትር ሰው ነዎት!" እያለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

እዚያው እንደቆምኩ ጉንጬ ላይ አንዲት ቀጭን የአየር ክር አለፈች። ጋሽ ሙላትም ተሰማቸው። ዓይናቸውን ገለጡ። ነጠላዋ የወጣችበትን ቀዳዳ አዩ። ከሱ ሥር ያለው መስኮት በጠርዙ በኩል መጥራት ጀምሯል። እኔ ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ቀበቶአቸውን ሊፈቱ ሲሉ የሚያመጡት ፊት ነው።

"እህ" አሉ።

ሁሉም ዞረ።

"እህ! እህህህ!" አሳላቸው። እንዴት ያለ ሳል ነው! ከሆዳቸው የመጣ፣ ትከሻቸውን የናጠ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ የማይሰማ ሳል!

"ያው አሳላቸው!" "ጋቢውን አውርዱ!" "የኔን! የኔ ይወፍራል!" ጎረምሶቹ እንደገና ወንበር ላይ ወጡ። ጋቢ ወረደ፣ ሻርፕ ወረደ፣ ሹራቡ ወረደ። እናቶቹ ተሻሙባቸው። አንዷ ጉልበታቸውን፣ አንዷ ትከሻቸውን፣ አንዷ እግራቸውን ጠቀለለች። ሳሉ ረገብ ሲል እኔ ጣሪያውን አየሁ፤ ሁለት ቀርተዋል። እሳቸውም አይተዋል። "እህህ!" ሁለቱም ወረዱ።

ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩት። ያ ሁሉ ዓመት መክረው፣ ለምነው፣ ተጣልተው ያላስከፈቱትን ሕዝብ በአንድ ሳል አስከፈቱት!

ከዚያማ ፉርጎዋ ተነፈሰች። ይሄን ያላየ አያምንም። ጭጋጉ ከመስኮቱ እየተሰበሰበ ወጣና ጫካው፣ በረዶው፣ ከሥራችን የሚሮጠው ወንዝ ድንገት ወለል አለ። ልጆቹ መስኮት ላይ ተለጠፉ። ትንፋሽ አጥሯቸው የነበሩት ሽማግሌ እግራቸውን ቧንቧው አጠገብ ዘርግተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሁሉም ዓይኑ ጋሽ ሙላት ላይ ስለነበር የራሱን አናት የሚነካ ንፋስ ትዝ ያለው አልነበረም። ዴቭ ወለሉን ለካ፣ ጣሪያውን ለካ፣ እንደገና ለካ። ከዚያ ብቻውን መሳቅ ጀመረ።

ባቡሩ በሚዞርበት ጣቢያ ስንቆም ዴቭ መጥቶ ከጋቢው ክምር ውስጥ እጃቸውን ፈልጎ አወጣና ጨበጣቸው። "ሞላ" አለ፣ "ቧንቧው ይቆያል። ለቦርዱ እኔ ራሴ እነግራለሁ።"

እኔ ጮክ ብዬ ተረጎምኩት። ፉርጎዋ በእልልታ ተናወጠች። እትዬ ብርቄም እልል ብላ ስታበቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ምን አለ?" አለችኝ። "ቧንቧው አይነቀልም አለ።" "ድሮስ ማን አባቱ ሊነቅለው!" አለች።

ዴቭ ቃሉን ጠበቀ። ያች ፉርጎ ዛሬም ብርድ ሲሆን በእንፋሎት ሞቃ ትሄዳለች፤ ሄዳችሁ ተቀመጡባት፣ እግራችሁ ይነግራችኋል።

እኔ ግን እሳቸውን ሳስብ የማስበው ያን የመመለሻ ጉዞ ነው። ሰዉ እንዲገላለጡ አልፈቀደላቸውም። እትዬ ብርቄ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ትንሽ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ጋቢውን ወደ አገጫቸው ትስባለች። ከነጠላውና ከሹራቡ መሀል የሚታየው ፊታቸው ብቻ ነው፤ ቲማቲም መስሏል፣ ላቡ በጢማቸው ላይ ይወርዳል። ዕድሜ ልካቸውን ሰው እንዳይታፈን ሲታገሉ የኖሩት ሰውዬ በሰባት ጋቢ ታፍነው ተቀምጠዋል! አንጀቴን በሉት። እትዬ ብርቄ ልጆቹን ልታይ ስትነሣ ጎንበስ አልኩና፣

"ጋሽ ሙላት፣ ሊታፈኑ ነው እኮ። አንዱን እንኳ ላንሳልዎት?" አልኳቸው።

"እንዳትነኪ!" አሉ በሹክሹክታ፣ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳይነቅሉ። "አንዱን ካነሳሽ ሄዶ እዚያ ላይ ነው የሚወተፈው። ተዪኝ። አሁን ፉርጎዋ ትተንፍስ፤ እኔ ቤቴ ገብቼ እተነፍሳለሁ።"